ቅጠል በጥር፣ እበት በሐምሌ፦ ከጓሮ ኮምፖስት የተማርኩት

ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ ነው የምኖረው። ግቢያችን ሰፊ የሚባል አይደለም፤ ቤቱ፣ ማድቤቱና የዶሮው ቆጥ ቦታቸውን ከያዙ በኋላ ለጓሮ አትክልት የተረፈን ስምንት ሜትር በአምስት ቢሆን ነው። በዚያች ላይ ጎመንና ቆስጣ፣ ቃሪያ፣ አንድ እግር ሎሚ፣ ሁለት ፓፓያ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ጌሾ አለን። ይህን የምጽፈው የጓዳ ልጣጭና የከብት እበት ወደ ማዳበሪያ ለመለወጥ ስል የሠራሁትን ስህተት ሌላ ሰው እንዳይደግመው ነው። ስለ ኮምፖስት የሚነገረው አብዛኛው ነገር ትክክል ነው። ግን እንደ ወጥ አሠራር ነው የሚነገረው፤ ይህን ያህል ከዚህ፣ ያን ያህል ከዚያ። መቼ የሚለውን ማንም አልነገረኝም፤ ለእኔ ደግሞ የነገሩ ቁልፍ የነበረው እሱ ነው።

የጀመርኩት በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ነው። ያኔ ማዳበሪያ ጠፍቶ ገበሬው ስንት ደጅ እንደጠና ሁሉም ያስታውሰዋል። እኔ የከተማ ሰው ነኝ፤ ለአንድ መደብ ጎመን ብዬ ዩሪያ ፍለጋ አልወጣም። ግን አንድ ማታ ቡና እየጠጣን ወሬው ሲነሳ፣ ከእኛ ጋር የሚኖሩት አማቴ “እኛ ልጆች ሆነን ጓሮ የሚዳብረው በአመድና በአዛባ ነበር። ከቤት አጠገብ ያለ መሬት መቼ ደክሞ ያውቃል?” አሉ። እውነታቸውን ነው። ገጠር የሄደ ሰው ያየዋል፤ ከጎጆው ዙሪያ ያለው በቆሎ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ይቆማል፣ ራቅ ያለው ማሳ ላይ ያለው ደግሞ ይገረጣል። ልዩነቱ የጥራጊው፣ የአመዱና የእበቱ ነው። እኔ ግን በየቀኑ አንድ ፌስታል ልጣጭ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች አወጣለሁ፤ ወዲያው ዞር ብዬ ደግሞ የጎመን መደቤ ለምን ቀጨጨ እላለሁ።

የመጀመሪያው ስህተቴ ጉድጓድ ነው። ሰኔ ላይ የቀን ሠራተኛ ይዤ፣ ርዝመቱ ሜትር ተኩል፣ ወርዱ ሜትር፣ ጥልቀቱም ሜትር የሆነ ጉድጓድ አስቆፈርኩ። ከታች ጭራሮ፣ ከዚያ ልጣጭ፣ ከዚያ እበት፣ ከዚያ አፈር፤ እንደተባለው እየደራረብኩ ሞላሁት። አማቴ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሲያዩኝ ቆዩና “ለማን ነው መቃብሩ?” አሉ። አልመለስኩላቸውም።

ሐምሌ ገባ። ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። የእኛ ግቢ አፈር ደግሞ ዋልካ ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ውሃ አንዴ ከያዘ አይለቅም። ጉድጓዱ ማሰሮ ሆነ። ልጣጩ ላይ ተንሳፈፈ፣ ከሥር ጥቁር ጭቃ ተኛ፣ የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ግማት ግቢውን ሞላው። ባለቤቴ መስኮት መክፈት አቆመ። ጎረቤት ግን በጨዋ ደንብ “ሽንት ቤታችሁ ሞላ እንዴ?” ብላ ጠየቀችኝ። መስከረም ላይ አፈር መልሼበት ረሳሁት።

በኋላ ነው የገባኝ። ነገር በወጉ የሚበሰብሰው አየር የሚፈልጉ ተህዋስያን ሲሠሩበት ነው። ውሃ የአየሩን ቦታ ከያዘ እነሱ ይሞቱና ሌሎቹ፣ አየር የማይሹት፣ ይተካሉ፤ ያ ግማት የእነሱ ነው። የጉድጓድ ዘዴ ውሸት አይደለም፤ ዝናብ አጠር በሆነ አካባቢ እርጥበቱን ስለሚይዝ ጥሩ ነው። በአገራችን ኮምፖስት ሲነሳ የዶ/ር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር ስም ሳይጠራ አይታለፍም፤ እ.ኤ.አ. በ1996 በትግራይ ከገበሬዎች ጋር የተጀመረው ሥራ ኮምፖስት የገባበት ማሳ ከኬሚካል ማዳበሪያው ጋር ተፎካካሪ ምርት እንደሚሰጥ በተግባር አሳይቷል። ግን እዚያ ያለው ጭንቀት ውሃ እንዳይደርቅ ነው፤ የእኛ የጣና ዳር ሰዎች ጭንቀት ውሃ እንዳይበዛ ነው። ስለዚህ በክረምት ጉድጓድ አትቆፍሩ። ከመሬት በላይ ከምሩ።

ሁለተኛው ስህተት ከመጀመሪያው ይብሳል፣ ምክንያቱም ተምሬያለሁ ብዬ የሠራሁት ነው። ጥቅምት ላይ ከመሬት በላይ መከመር ጀመርኩ። የጓዳውን ሁሉ እዚያው፤ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የድንች ልጣጭ፣ የጎመን አንጓ፣ የፓፓያ ቅርፊት፣ የዶሮ ኩስም ጨመርኩበት። በሁለት ሳምንት ክምሩ ላሸቀ፤ ሲነካ እንደ ተልባ የሚዝለገለግ ሆነ፣ ትል ፈላበት፣ ዓይን የሚያቃጥል የአሞኒያ ሽታ ተነሳ። ዶሮዎቹ ብቻ ተደሰቱ። ቀኑን ሙሉ ትሉን ሲለቅሙ ይውላሉ፤ እንቁላላቸውም ጨመረ መሰለኝ፣ ግን ያንን አልቆጠርኩም።

የጎደለው ደረቅ ነገር ነበር። መጻሕፍቱ የሚሉት ካርቦንና ናይትሮጅን ነው፤ ክምሩ በደንብ የሚሠራው ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ሲያገኝ ነው። የዶሮ ኩስ አሥር ገደማ ብቻ ነው ያለው፣ የላም እበት ሃያ አካባቢ፣ የጓዳ ልጣጭም ከዚያው አይርቅም። የእህል ጭድ ግን ሰባ ሰማንያ ይደርሳል፤ ሰጋቱራማ በመቶዎች ነው። ይህን ስሌት ማድቤት ውስጥ ማንም አይሠራውም። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ እርጥብና ደረቅ ብዬ እለያለሁ፤ ለአንድ ባልዲ እርጥብ ሁለት፣ አንዳንዴ ሦስት ባልዲ ደረቅ ቅጠል። ከሸተተ ደረቅ ያንሰዋል። ዝም ብሎ ከተቀመጠና ካልሞቀ እርጥቡ ያንሰዋል፣ ወይ ውሃ ጠምቶታል።

እና ደረቁን ከየት? መጀመሪያ ያሰብኩት ጭድ ነበር። ጭድ ግን ለከብቱም አልበቃ ብሎ በዋጋ የሚሸጥ ነገር ነው፤ ገዝቶ ማበስበስ ኃጢአት ይመስላል። ሰጋቱራ ከእንጨት ቤቶች በነፃ ይገኛል፣ ግን ቶሎ አይበሰብስም፤ የተጨመቀ ጣውላ ወይም ቀለም የተቀባ እንጨት የተሰነጠቀበት ከሆነ ደግሞ ሙጫና ቀለም አለበት፤ ጠይቃችሁ ውሰዱ። የቀረኝ ቅጠል ነው። ወቅቱ ጥቅምት ነበርና ዛፉ ሁሉ ለምለም ነው፤ አንድ ደረቅ ቅጠል ፍለጋ ሰፈሩን ዞርኩት። ያን ቀን ነው ነገሩ የገባኝ ማለት እችላለሁ።

ጥር ላይ ከተማችን ሌላ ናት። ብሳናው ቅጠሉ ብርቱካንማ ሆኖ ይረግፋል፣ ዋንዛው ያራግፋል፣ መንገድ የሚጠርጉት እናቶች በማለዳ በየዛፉ ሥር ቆልለውት ይሄዳሉ። ብዙውን ጊዜ እዚያው ይቃጠላል። አንዷን “እናቴ፣ ቅጠሉን ልውሰደው?” ስላቸው መጀመሪያ የቀለድኩ መስሏቸው ነበር። አሁን ግን ሲያዩኝ ራሳቸው ለይተው ያስቀምጡልኛል፤ እኔም በየጊዜው ጎመን እወስድላቸዋለሁ። የሚሰበሰበው በማዳበሪያ ነው። (እኛ ዘንድ ማዳበሪያ ማለት ጆንያውም ነውና፣ “ማዳበሪያ በማዳበሪያ ትሰበስባለች” ብሎ ባለቤቴ ይቀልድብኛል።) ከመንገድ የተሰበሰበ ቅጠል ውስጥ ፌስታል፣ የከረሜላ ወረቀት፣ የብርጭቆ ስባሪ፣ አንድ ቀን የድንጋይ ባትሪም አግኝቻለሁ፤ ሸራ ላይ ዘርግቶ መልቀም የግድ ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል አልወስድም፤ ዘይቱ መበስበሱን ያዘገየዋል። የማንጎ ቅጠል ወፍራም ስለሆነ ካልተረገጠና ካልተሰባበረ ይቆያል። የዘንባባችን ነገርማ፣ ከተማዋ የምታምርበት ቢሆንም፣ ለኮምፖስት አይሆንም። አንድ ዓመት ቆይቶ እንደገባ የወጣ ቅርንጫፍ አለኝ።

ማከማቸቱም ራሱ ሥራ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ጆንያዎቹን መሬት ላይ ደረደርኳቸው፤ ምስጥ ከሥር ገብቶ አራቱን ጨረሰ። አሁን ድንጋይ አንጥፌ፣ ድንጋዩ ላይ አሮጌ ጣውላ፣ ከላይ ቆርቆሮ አድርጌ ነው የማስቀምጠው።

አሁን ወደ እበቱ። ከእኛ ሁለት ቤት አለፍ ብሎ ላሞች የሚያረቡ ሽማግሌ አሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ “አያ” ነው የሚላቸው። መንገድ ላይ አግኝቻቸው “አያ፣ ከላሞቹ እበት ትንሽ ቢሰጡኝ” ብላቸው፣ “ኧረ ውሰጂ ልጄ፣ እበት ምን ቁም ነገር ነው!” አሉኝ። በማግስቱ ባልዲ ይዤ ሄድኩ። ባለቤታቸው ደጅ ላይ ኩበት ሲጠፈጥፉ አገኘኋቸው። አያ እንደፈቀዱልኝ ስነግራቸው እጃቸውን እንኳ ሳያነሱ “እሱ ምን አግብቶት? እበቱ የኔ ነው” አሉ። ትክክል ናቸው። ላሟ የአያ ትሁን እንጂ እበቷ የእትዬ ነው፤ ጠፍጥፈው አድርቀው የሚያነዱት፣ የተረፈውንም ሸጠው ለጓዳ የሚያውሉት እሳቸው ናቸው። ይህን ሳያስቡ “ገበሬው እበቱን ለምን ለማሳው አያውልም” የሚሉ ሰዎች እንጀራው በምን እንደሚጋገር ይንገሩኝ።

ይቅርታ ጠይቄ ቁጭ አልኩ። ቡና ተፈላ። ሦስተኛው ስኒ ላይ ነው መላው የመጣው፣ ያመጡትም እሳቸው ናቸው፦ “በክረምት ነይ። በክረምት ኩበት አይደርቅም፤ በረቱ ጭቃ ሆኖ መግቢያ እናጣለን። ሐምሌ ላይ ነይና የፈለግሽውን ያህል ዛቂ።” በለውጡ እኔ የጠላ አተላና የጎመን ቅጠል ለላሞቹ እወስዳለሁ። ይህ ውላችን እስከ ዛሬ አልፈረሰም።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ሆኖ ገጠመ። እበት በነፃ የሚገኘው በክረምት ነው፤ ደረቅ ቅጠል በነፃ የሚገኘው በበጋ ነው። ሁለቱ በራሳቸው ጊዜ አይገናኙም። ቅጠል ግን ይቀመጣል፤ እበት ሲቀመጥ ይደርቃል ወይም ዝናብ ያጥበዋል። ስለዚህ ቅጠሉን ከጥር እስከ መጋቢት ሰብስቦ እበቱን መጠበቅ ነው። በ2016 ጥር ላይ መሰብሰብ ጀመርኩ፣ ሐምሌ ላይ ከመርኩ፣ ያም ክምር የመጀመሪያው የተሳካልኝ ነው።

አከማመሩን ልንገራችሁ። ከግቢው ከፍ ያለውን ጥግ መረጥኩ፤ ውሃ የሚተኛበት አይሁን። ከሥር የጌሾና የሎሚ ጭራሮ አነጠፍኩ፣ አየር እንዲገባና ውሃ እንዲወርድ። ከዚያ አንድ ስንዝር ያህል የተረገጠ ቅጠል፣ ከላዩ አራት ጣት ያህል ልጣጭ፣ ከዚያ ሁለት ጣት እበት፣ ጭብጥ አፈር በተን በተን፤ እንደገና ቅጠል። ቁመቱም፣ ወርዱም፣ ርዝመቱም አንድ አንድ ሜትር እስኪደርስ። ከዚያ ያነሰ ክምር ሙቀቱን አይዝም፤ ብዙ ሰው “አልሞቀልኝም” የሚለው በየቀኑ አንድ ባልዲ እየጨመረ ስለሚጠብቅ ነው። እኔ ልጣጩን ክዳን ባለው ባልዲ ከቅጠል ጋር እያቀያየርኩ አጠራቅምና በአንድ ቀን እከምረዋለሁ። ከላይ በአራት እንጨት ላይ ቆርቆሮ፤ ይህን ችላ አትበሉት። ዝናቡ ክምሩን ማጨቅየት ብቻ አይደለም፣ ተክል የሚፈልገውን ንጥረ ነገር ይዞት ይወርዳል። ከክምሩ ሥር ጥቁር ሻይ የመሰለ ውሃ ሲፈስ ካያችሁ እየፈሰሰ ያለው ልፋታችሁ ነው።

እርጥበቱ በእጅ ይታወቃል። ጨብጡት፤ በጣት መሐል አንድ ሁለት ጠብታ ካለ ልክ ነው፣ ከተንጠባጠበ በዝቷል፣ ሲለቁት ከተበተነ አንሷል። ሙቀቱን የማየው በፌሮ ቁራጭ ነው። መሐሉ ድረስ ሰክቼ እተወዋለሁ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስመዝዘው በእጄ መያዝ አልቻልኩም፤ አማቴን ጠርቼ አስነካኋቸው፣ “በስመ አብ! እሳት አለው?” ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ። እሳት የለውም፤ ተህዋስያኑ ሲሠሩ የሚወጣ ሙቀት ነው። በደህና ክምር ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ ለጥቂት ቀን እዚያ ላይ ከቆየ የአረሙን ዘርና ከእበቱ የመጣውን በሽታ አምጪ ይገድለዋል። ከ70 ካለፈ የሚጠቅሙትም ይሞታሉ፤ ያኔ መገልበጥ ነው።

መገልበጡ ላይ ሰው ይሰንፋል፣ እኔም እሰንፋለሁ። ፌሮው ሲቀዘቅዝ፣ በእኔ ግቢ በአሥርና በአሥራ አራት ቀን መካከል፣ የውጪው ወደ ውስጥ የውስጡ ወደ ውጪ እንዲሆን በመንሽ እገለብጠዋለሁ። ከዚያ እንደገና ይሞቃል፣ ግን እየቀነሰ ይሄዳል። አራት ጊዜ ገለበጥኩት። ሐምሌ ላይ የተከመረው ጥቅምት መጨረሻ ላይ ደረሰ፤ ከሜትሩ ግማሹ ብቻ ቀርቷል። በበጋ የከመርኩት ሌላው ግን መጋቢት ላይ ውስጡ ደርቆ፣ አመድ የመሰለ ነጭ ሻጋታ ይዞ፣ ጉንዳን ሰፍሮበት አገኘሁት። የባሕር ዳር የመጋቢትና የሚያዝያ ፀሐይ ቀላል አይደለችም። በበጋ የምስርና የጎመን ማጠቢያውን ውሃ እዚያው አፈሳለሁ፤ ሳሙና ያለበትን አይደለም።

ከጓዳ ወደ ክምሩ ስለሚገባና ስለማይገባው ነገር ትንሽ ልበል። የቡና አተላ ወርቅ ነው፤ በቀን ሁለት ጊዜ ቡና የሚያፈላ ቤት በወር ደህና ባልዲ ያወጣል። የእንቁላል ቅርፊት ፈጭቼ። አመድ ትንሽ ብቻ፤ በተለይ ከዶሮ ኩስ ጋር አንድ ላይ ካበዙት ናይትሮጅኑን በአሞኒያ መልክ አየር ላይ ያበረዋል፣ እኔ አመዱን ለብቻው ለጎመኑ መደብ እተወዋለሁ። የሻገተ እንጀራ ይገባል፣ ግን ቆራርሶ መሐል መቅበር ነው። ዘይትና ጨው ያለው የወጥ ትርፍራፊ አይገባም። ገራባ፣ የጫት ትራፊው ማለቴ ነው፣ በከተማችን እንደልብ ነው፣ በደንብም ይበሰብሳል፤ ሆኖም አንዳንድ የጫት ማሳ ላይ መድኃኒት እንደሚረጭ ስለማውቅ ለሎሚው ሥር እንጂ ለሰላጣ መደብ በሚሆን ክምር ላይ አልጨምረውም። አጥንትና ሥጋ በፍጹም።

ዓሣ ላይ አንድ ታሪክ አለኝ። ሰው ቤት ድግስ ነበርና የቆሮሶና የአምባዛ ጭንቅላትና ሆድ ዕቃ አንድ ባልዲ ሙሉ ተሰጠኝ። ለተክል ጥሩ ምግብ እንደሆነ አንብቤ ነበርና ክምሩ ጫፍ ላይ ቀብሬ ተኛሁ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የውሻ ጠብ ቀሰቀሰን። ከዚያ ውሾቹ ድንገት ጸጥ አሉ፤ ባለቤቴ “ጅብ ነው” ብሎ ባትሪ ይዞ ወጣ። ጠዋት ክምሩ ግቢው ሁሉ ላይ ተዘርግቶ ነበር፣ አጥሩም አንድ ቦታ ተቀዷል። አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቅ ወፎች ቀሪውን ለቅመው ጨርሰውልናል። ዓሣ በትልቅና በሚፋጅ ክምር እምብርት ውስጥ በጥልቀት ቢቀበር ይበሰብሳል፤ በሜትር ክምር ግን አትሞክሩት።

“እምቦጩንስ ለምን አትጠቀሚበትም?” የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ጣና ላይ መኖሩ ከታወቀበት እ.ኤ.አ. 2011 ጀምሮ ስንት እጅ እንዳደከመ እናውቃለን፤ ወደ ማዳበሪያ ቢለወጥ ደስ ይላል። ይለወጣልም። ግን ከአሥሩ ዘጠኝ እጁ ውሃ ነው፤ ካልጠወለገ ክምሩን ያጨቀየዋል። ትንሽ ቁራጭ ውሃ ካገኘች እንደገና ትበቅላለች፣ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ስለዚህ ደምቢያም ሆነ ፎገራ፣ እምቦጩ ባለበት ዳርቻ የምትኖሩ ከውሃው ርቃችሁ፣ አድርቃችሁ፣ በደንብ በሚሞቅ ክምር እዚያው ሥሩት። በጆንያ ጭኖ ወደ ባሕር ዳር ማምጣትን ግን አልስማማበትም፤ አባይ የሚወጣው ከእኛ ጓሮ ነው።

መድረሱን በምን አውቃለሁ? ከተገለበጠ በኋላ አይሞቅም፤ የመጀመሪያው ዝናብ የነካው አፈር ይሸታል፤ ልጣጩን ከቅጠሉ መለየት አይቻልም። ከዚህ ሌላ የምወደው ፈተና ፌጦ ነው። በአንድ ጣሳ ኮምፖስት፣ በሌላ ጣሳ የጓሮ አፈር ሞልቼ ፌጦ እዘራለሁ። ፌጦ በሦስት በአራት ቀን ብቅ ይላል። በኮምፖስቱ ጣሳ ላይ እኩል ከበቀለ ደርሷል፤ ቢጫ ከሆነ ወይም ካልወጣ ገና ነው፣ ሌላ ሦስት ሳምንት ይተኛ። ይህን ፈተና ቀድሜ ባውቀው ኖሮ ጥሬውን የዶሮ ኩስ ቃሪያዬ ሥር አድርጌ በሳምንቱ ሃያ ሦስት ችግኝ አቃጥዬ ባልተመለከትኩ ነበር። ጥሬ እበትም ሆነ ኩስ ከአፈር ነክቶ ጥሬውን ለሚበላ ነገር፣ እንደ ሰላጣ ላለው፣ ቢያንስ ከመታጨዱ አራት ወር በፊት ካልሆነ አይቀርብም። ስትሠሩም ጓንት አድርጉ፤ ልጆች በባዶ እግራቸው እዚያ አይጫወቱ።

ኅዳር ላይ በጎመኑ መደብ ሁለት ጣት ያህል ኮምፖስት በትኜ ከላይኛው አፈር ጋር አደባለቅኩት። ጎመኑ ጥሩ ሆነ፤ ከዚያ በላይ የገረመኝ ግን ዋልካው ነው። በበጋ መሰንጠቁን ቀነሰ፣ ውሃ ካጠጣሁት በኋላ ሁለት ቀን እርጥብ ሆኖ ይቆያል፣ ዶማ ሲገባበት ጓል ሳይሆን ፍርፍር ይላል። ስለ ኃይሉ ግን አልዋሻችሁም። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ አንድ የ50 ኪሎ ከረጢት ውስጥ 23 ኪሎ አለ ማለት ነው። ደህና ኮምፖስት አንድ ተኩል በመቶ ቢኖረው ነው፤ ያንኑ 23 ኪሎ ለማግኘት 15 ኩንታል ገደማ ኮምፖስት ያስፈልጋል፣ እሱም ናይትሮጅኑን ቀስ እያለ በዓመታት ነው የሚለቀው። ገጠር ያለው የባለቤቴ ወንድም “በዚህ ጤፌን ልዝራ?” ሲለኝ፣ “ለጓሮህና ለበርበሬ መደብህ አዎ፣ ለሁለት ሄክታርህ ግን ብቻውን አይበቃህም” ያልኩት ለዚህ ነው።

አሁን ግንቦት አጋማሽ ነው። ቆርቆሮው ሥር የቆጠርኩት 19 ጆንያ ቅጠል ነው፤ ለአንድ ክምር 12 ይበላል፣ እኔ ዘንድሮ ሁለት ክምር ነው ያሰብኩት። አምስት ይጎድለኛል። ብሳናው ለምልሟል፣ ከእንግዲህ ከመንገድ የሚገኝ የለም። ከማዕዘኑ ሱቅ የእንቁላል ካርቶን እንዲያስቀምጡልኝ ነግሬያለሁ፤ ተቀድዶና ረጥቦ የቅጠልን ቦታ ይተካል። እትዬ ደግሞ ትናንት በአጥር ላይ “በረቱ መርጠብ ጀምሯል፣ ባልዲሽን አዘጋጂ” ብለውኛል።